ባሕሩ ቅርብ፣ ዕረፍቱ ሩቅ

አሽዶድ ከተማ፣ ሮቫ አሌፍ ሠፈር የሚኖር ሰው ባሕር ለማየት መኪና አያሻውም። ወጣ ብሎ ወደ ምዕራብ ከተራመደ ሜዲትራኒያን ፊቱ ነው፤ በሰሜን በኩል እ.ኤ.አ. በ1965 ሥራ የጀመረው የከተማዋ ወደብ ክሬኖቹን ዘርግቶ ይታያል። ታዲያ አንድ ቀን ረጋ ብሎ ባሕር ዳር መዋል ለምን እንዲህ ያቅተናል?

መጀመሪያ ቀኑስ የታለ? እሑድ እዚህ እስራኤል የሥራ ቀን ነው። ዓርብ እናቶቻችን ሰንበት ሳይገባ ምግቡን ለማድረስ ከምድጃው አይነሱም። ፀሐይ ሳትጠልቅ አውቶቡሱ ይቆማል፤ ቅዳሜ ማታ ሰንበት እስኪወጣም አይመለስም። ሰንበት የሚያከብሩ አዛውንት በእግራቸው ካልሆነ መሄጃ የላቸውም፣ ጉልበት ደግሞ እሺ አይልም። ሰንበት የማይጠብቀው ወጣትም መኪና ከሌለው ያው እቤቱ ነው። እኔ ሰንበት ይሻር አልልም፤ ደክሞት ለሚውል ሠራተኛ ግን ባሕር የሚያይበት ሌላ ቀን ሊኖረው ይገባል።

እንደምንም ቀን ተገኘ እንበል። ጫማ አውልቀው እግርዎን ውኃ ሊያስነኩ ሲሉ በእንጨት ራኬት የሚቀባበሉት የማትኮት ኳስ ጆሮዎ ሥር ያልፋል። ጨዋታው መልካም ነው፣ ልጆቹም ይጫወቱ፤ ግን አሸዋው ሁሉ ሞልቶ ተርፎ ሰው በሚያልፍባት በእርጥቧ የውኃ ዳር ላይ ነው የሚቆሙት። ያ ጧ ጧ የሚል የእንጨት ድምፅ እስኪመሽ አያባራም። በቀኝ አንዱ ድምፅ ማጉያ፣ በግራ ሌላው፤ ሁለት ዘፈን ባንድ ጊዜ ማን ይሰማል? መሃል የተቀመጠው ሰው ማዕበሉን እንኳ አይሰማም። ይሄን ሸሽቶ ወደ መናፈሻው መንገድ የወጣ ደግሞ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ከኋላው እየከነፈ ይመጣበታል። ምርኩዝ ይዘው የሚሄዱ ሴት በድንጋጤ ግንብ ሲደገፉ አይቻለሁ፤ ብስክሌቱን የሚነዳው ልጅ ዞር ብሎም አላያቸው።

ሰኔና ሐምሌ ላይ ደግሞ ሜዱዛው (ጄሊፊሹ) አለ፤ በስዊዝ ቦይ በኩል ሾልኮ የገባ እንግዳ ነው። ሲለበልብ በባሕሩ ውኃ ራሱ ይታጠቡት እንጂ የቧንቧ ውኃ አያስነኩት። እሱንስ ማንም አላመጣብንም፣ እንችለዋለን።

የጥላው እጦት ግን የሰው ሥራ ነው። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ1956 የተቆረቆረችው በአሸዋ ክምር ላይ ነው፤ ባሕሩ አጠገብ የሚያስጠልል ዛፍ በቀላሉ አይገኝም፣ ዳሱም ቀድሞ በመጣ ሰው ይያዛል። ጣሊያን ውስጥ ሰው በብዙ የባሕር ዳርቻ ለወንበርና ለዣንጥላ ከፍሎ ነው የሚቀመጠው፤ በዚህም ያማርራሉ። የእኛ አሸዋ በነፃ ነው፣ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን በእኩለ ቀን ፀሐይ የሰባ ዓመት ሰው የት ይቀመጥ?

ማዘጋጃ ቤቱ ዳስና መደገፊያ ያለው አግዳሚ ወንበር ይጨምር። እናንተም ልጆቻችን፣ ዘፈኑን ለራሳችሁ ጆሮ በሚበቃ ልክ አድርጉት፤ እናቶች በውኃው ዳር ሲያልፉ ኳሱን ያዙላቸው።