በረካ ላይ የተሰነጠቀው

ባለቤቴ ወርቅ አትወድም። ይህን የሰማ ወዳጅ ሁሉ «ታድለሃል!» ይለኛል። ወርቅ የማትወድ ሴት ኦፓል ልትወድ እንደምትችል ያሰበልኝ ግን አንድም አልተገኘም። ኦፓሉም ነጩ የወገልጤና፣ ፒያሳ በየመስኮቱ ይደረደር የነበረው ቢሆን በታክሲ ሄጄ በተገላገልኩ። እሷ የፈለገችው የመንዙን ነው፤ ቡናማውን፣ ቸኮላት የሚመስለውን። «እሱ ከአገሩ ነው የሚገዛው» አለችና ቅዳሜ ማለዳ መኪና ውስጥ ገብታ ቀበቶዋን አሰረች። ተከራክሬ አላውቅም ብል ውሸት ይሆናል፤ ያን ቀን ግን ቀበቶው ቀደመኝ።

አንድ ነገር ልመስክርላት፤ አልተሳሳተችም። የኢትዮጵያ ኦፓል በዓለም ገበያ ስሙ የተነሣው በዚህ በመንዝ አካባቢ ነው። በእኛ አቆጣጠር በ1980ዎቹ አጋማሽ ከመዘዞ ዙሪያ ገደላገደል እየተቆፈረ የወጣው ድንጋይ ነጋዴውን አስደነቀ፤ በ1996 እ.ኤ.አ. ደግሞ «ጀምስ ኤንድ ጂሞሎጂ» የተባለው የአሜሪካኖቹ የእንቁ መጽሔት ስለ ሸዋው ኦፓል ጥናት አወጣ። ድንጋዩ ከውጭ ሲታይ እግር የሚመታው ተራ ድቡልቡል ነው፤ ሲፈለጥ ግን ቀዩና አረንጓዴው ሆዱ ውስጥ ይጫወታል። ክብሩ ብዙ አልቆየም። በ2000 ዓ.ም. ደላንታ ላይ የወገልጤናው ነጭ ኦፓል ሲገኝ ገዢው ሁሉ ወደ ወሎ ነጎደ፤ መዘዞም ሽማግሌ ተልኮባት ሠርጉ እንደቀረባት ልጃገረድ ደጅ ደጁን እያየች ቀረች።

ደብረ ብርሃን ላይ ቁርስ በላን። ጣርማ በር ስንደርስ ወደ ወሎ የሚሄደው መኪና ሁሉ ጣሊያን በፈለፈለው ዋሻ ገብቶ ወደ ደብረ ሲና ሲወርድ፣ እኛ ዋሻው ሳይውጠን ወደ ግራ ታጠፍን። ያኔ መንገዱ ሰላም ነበር፤ የሚያስፈራው ጉሙ ብቻ። ባለቤቴ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ «ገደሉ በየት በኩል ነው?» ትለኛለች። «በአንቺ በኩል» እላታለሁ። መስኮቱን ትዘጋለች።

መዘዞ ላይ ጉሙ ገለጥ አለና ጸሐይ ወጣች። ከአንዲት ጀበና ቡና ከምታፈላ ሴት ደጃፍ ዱካ ላይ ገና ቁጭ ከማለታችን አንድ ጎረምሳ ዙሪያውን ቃኝቶ «ጋሼ፣ ኦፓል ነበር» አለ፤ ከጃኬቱም ውስጥ ሃይላንድ አወጣ። በግማሽ ሃይላንድ ውሃ ውስጥ አውራ ጣት የሚያህል ድንጋይ ተኝቶ እሳት ይተፋል። እውነቱን ለመናገር ያምራል።

«ለምን ውሃ ውስጥ?» አልኩት።

«ጥማት አይችልም፣ ጋሼ።»

«ስንት ነው?»

«ለእትዬ ስለሆነ ስምንት ሺህ።»

እኔ እጄን ወደ ኪሴ ሰድጃለሁ። ባለቤቴ ግን በርበሬ ገዝታ የማታውቅ ሴት አይደለችም፤ የረጠበ በርበሬ ሚዛን እንደሚያነሣ ታውቃለች።

«አውጣው» አለችው።

«ምኑን?»

«ድንጋዩን ነዋ! አውጣና እዚያ ግንቡ ላይ አኑረው። ቡናችንን እስክንጠጣ ጸሐይ ይሙቅ።»

ጎረምሳው ዞር ብሎ አየኝ። አስተያየቱ በወንድነት እርዳኝ የሚል ነበር። እኔ ደግሞ ቄጤማውን ቆጠርኩ።

ጥግ ላይ በርኖስ ለብሰው የተቀመጡ አንድ አዛውንት በትራቸውን ተደግፈው ቀና አሉ። «ይቺ የማን ልጅ ናት?»

«የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ፣ አባቴ።»

«አይደለሽም። አያትሽ የት ናቸው?»

«የጅሩ ሰው ናቸው ይባላል።»

«እኮ!» አሉ፤ ሌላ ማስረጃ አላስፈለጋቸውም።

አቦሉ ሲጠጣ ድንጋዩ እንዳማረበት ነበር። ሁለተኛው ላይ ቀለሙ ደብዘዝ አለ፤ ጎረምሳው «ደመና መጥቶ ነው» አለ፤ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። በረካው ሲቀዳ ባለቤቴ ተነሥታ ድንጋዩን ወደ ብርሃን ያዘችው። ከዳር እስከ ዳር ፀጉር የሚያህል መስመር ወርዶበታል። ኦፓል ውሃ ያዘለ ድንጋይ ነው፤ ሲደርቅ የመሰንጠቅ አመል የመዘዞው ዋና ስሞታ ሆኖ ኖሯል፤ ገዢ ያሸሸውም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ጎረምሳው ግን አልደነገጠም።

«እትዬ፣ ቅድም አንድ ቀለበት ነበር የሚወጣው። አሁን ሁለት የጆሮ ጌጥ ሆነልሽ፤ ዘጠኝ ሺህ።»

ባለቤቴ ሲኒውን አስቀምጣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። የጎረምሳውን ቡና ሂሳብ ራሷ ከፈለች። አዛውንቱ ብቻ አልሳቁም። «ልጄ፣ ድንጋይ ከሆነ የፈለግሽው የእኔ ማሳ ሙሉ ነው። በነፃ ጫኝ። አንዱም አይሰነጠቅም፤ አርባ ዓመት በሞፈር መትቼዋለሁ።»

መሐል ሜዳ የገባነው በመሸ ጊዜ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለ ከተማ ሲመሽበት እንዴት እንደሚበርድ ለመንዝ ሰው አይነገርም፤ ለሌላው ደግሞ ቢነገርም አያምንም። ያደርንበት ቤት እመቤት እግራችን ሲንቀጠቀጥ አይታ ጥቁር ባና ጣል አደረገችብን። ያን ሌሊት ስለ ኦፓል ያነሣ የለም።

እሑድ ጠዋት የጓሳን ሣር ሜዳ አየን። ጭላዳዎቹ ሣር እየነጩ ቀና ብለው እንኳ አላዩንም፤ ቀይ ቀበሮው አልወጣም። የአገሬው ሰው ይህን ሣር 400 ዓመት ያህል በራሱ ሕግ ለዓመታት እየዘጋ፣ ለክዳንና ለገመድ ሲፈለግ እየከፈተ ጠብቆታል። «ኦፓሉንም ለእነዚህ ሰዎች ሰጥተውት ቢሆን ኖሮ!» አለች ባለቤቴ፤ ምላሽ አልነበረኝም።

ስንመለስ እመቤቲቱን ያዘቻት፤ ባናውን ሽጭልኝ ብላ።

«የተኛሁበት ነው እኮ» አለች ሴትዮዋ።

«እኔም ተኝቼበታለሁ፤ ስለዚህ ነው የምፈልገው። ደግሞ ጸሐይ ላይ ይሰጣና ልየው።»

«ስጪው። ከፈለግሽ ውሃም ንከሪው። ብቻ ከነከርሽው የሚሸከመው ባልሽ ነውና እዘኚለት።»

ሳይነከር ተገዛ። የበጉ ጠረን ግን መኪናዋን ስለሞላት ከመሐል ሜዳ ጀምሮ መስኮት ከፍተን ነዳን፤ ብርዱ ሲበረታብን ደግሞ ባናውን ለሁለት ደረብነው።