በሲሪንቃና በአካባቢዋ የአሮጌ ባና አመራረጥ፦ ሥርዓት የተከተለ ጥናት

መግቢያ

ሲሪንቃ ከመርሳ ወደ ወልድያ በሚወስደው አስፋልት ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ስሟ ከወረዳዋ ከሀብሩ አልፎ አገር ያወቀው በግብርና ምርምር ማዕከሏ ነው። አንድ የማሽላ ዝርያ ለገበሬው «ይህን ዝራ» ተብሎ እስኪሰጥ ድረስ ዓመታት ይፈጃል። በየቦታው ይዘራል፣ ከነባሩ ጋር በመደዳ ይነጻጸራል፣ በገበሬው ማሳ ይረጋገጣል፣ በመጨረሻም አጽዳቂ ኮሚቴ መጥቶ እያንዳንዱን መደብ ዞሮ ያየዋል።

ማሽላ ይህን ሁሉ ፈተና በሚቀመጥበት ከተማ አሮጌ ባና የሚመረጠው ግን በሁለት ጣት ዳሰሳና «ይሄ ይሻላል» በሚል ቃል ብቻ ነው። ለምሁራኑ ዝምታ ምክንያት አልተገኘለትም። ችግሩ ደግሞ እየሰፋ ነው። ድሮ ባና የሚፈልገው የበረደው ሰው ብቻ ነበር፤ አሁን ሳሎኑ «ባህላዊ ይዘት» የጎደለው የአዲስ አበባ ሰውና ለእረፍት ከውጭ አገር የመጣ ዘመድም ፈላጊ ሆነዋል። እነዚህ ሁለቱ አይበርዳቸውም። ስለዚህ ባናን በብርድ መመዘን ስለማይችሉ ሌላ መመዘኛ ያስፈልጋቸዋል። ይህ ጥናት የተዘጋጀው ለእነርሱ ነው።

የጥናቱ ወሰን

ባና ከበግ ጸጉር ይሠራል። በወሎ ደጋ፣ እንዲሁም በመንዝ፣ ሴቶች ጸጉሩን በእንዝርት ይፈትላሉ፤ ወንዶች ይሸምናሉ። ጠባብ ጠባብ ሆኖ የወጣው ሽመና ጎን ለጎን ይሰፋና አንድ ሰው የሚጠቀለልበት ስፋት ያገኛል። ቀለም አይነከርም። በጉ ጥቁር ከሆነ ባናው ጥቁር ነው፤ በጉ ቡናማ ከሆነ ባናው ቡናማ ነው። የንድፉ ባለቤት በጉ ስለሆነ የቅጂ መብት ጥያቄ እስካሁን አልተነሣም።

አጥኚውን ያስቸገረው ምደባው ነው። የዓለም የምንጣፍ ሊቃውንት ምንጣፍን የሚያውቁት መሬት ላይ ተዘርግቶ ነው። ባና ግን ቀን መደብ ላይ ይነጠፋል፣ ማታ ይለበሳል፣ ዝናብ ሲመጣ ከራስ ላይ ይወጣል፣ ገበያ ሲኬድ ከአህያዋ ጀርባ ላይ ይገኛል። በአንድ ቀን ውስጥ ምንጣፍም፣ ብርድ ልብስም፣ ካፖርትም፣ ግላስም ሆኖ ይውላል። ለምደባ እንዲያመች ይህ ጥናት ባናን ጠዋት ከሦስት ሰዓት እስከ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ብቻ ምንጣፍ አድርጎ ወስዶታል።

ከባና ጎን አጎዛና ሰሌንም አሉ። አጎዛ ከነጸጉሩ የለፋ የበግ ቆዳ ሲሆን፣ ሰሌን ደግሞ ከዘንባባ ቅጠል የሚሠራ፣ ቆላው ለደጋው የሚልከው ምንጣፍ ነው። የሦስቱን ደረጃ ለማወቅ አጥኚው እንግዳን እንደ መለኪያ መሣሪያ ተጠቅሟል። እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት ነው ይባላል። መደቡ ላይ የሚታየውም ይኸው ነው፤ በወርቁ ቀን ባና፣ በብሩ ቀን አጎዛ፣ በብረቱ ቀን ሰሌን። በአራተኛው ቀን የሚነጠፍ ነገር ስላልተገኘ መረጃው እዚህ ላይ ይቆማል።

የዕድሜ አለካክ

በዓለም ገበያ መቶ ዓመት የሞላው ምንጣፍ «አንቲክ» ይባላል። ከዚያ በታች ሆኖ ሃያ ዓመት ያለፈው «ቪንቴጅ» ነው። ከሃያ በታች ያለው «ያገለገለ» ተብሎ ይታለፋል። ሻጩ የዕድሜ ወረቀት ያቀርባል፤ ወረቀት ከሌለው ባለሙያ ቀለሙንና ክሩን መርምሮ ይገምታል።

በሲሪንቃ ወረቀት የለም፤ ምስክር ግን አለ። ቀጥሎ ያለው ምልልስ በአንድ ቤት መደብ ላይ፣ ቡና እየተፈላ የተመዘገበ ነው። ገዢው ጥቁር መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ የባናውን ጠርዝ ያገላብጣል።

«እማማ፣ ይሄ ባና ስንት ዓመቱ ነው?»

«አብሽር ልጄ፣ ቆየት ያለ ነው። ታላቋን ልጄን አዝዬበታለሁ።»

«ከደርግ በፊት ነው?»

«ከደርግማ በፊት ነው።»

«ከጣሊያን በፊትስ ይሆን?»

እማማ በተከፈተው በር በኩል ውጭ የቆመችውን መኪና አየት አደረጉ።

«ጣሊያን ሲመጣ እዚሁ መደብ ላይ ነበር።»

በአቦል የደርግ ዘመን የነበረው ባና በቶና የንጉሡ፣ በረካ ሳይቀዳ የአርበኞች ሆነ። በሳይንስ መንገድ አንድ ጨርቅ አርባ ዓመት ለማርጀት አርባ ዓመት ይፈልጋል። እዚህ ግን ሁለት ስኒ በቅቶታል። እማማ አንድም ውሸት አለመናገራቸው ሊሰመርበት ይገባል። ገዢው ዕድሜውን ራሱ አቀረበ፤ እሳቸው እንግዳን አላሳፈሩም። አጥኚው ከዚህ የደረሰበት ግኝት የባና ዕድሜ ከገዢው መኪና ጋር ቀጥተኛ ዝምድና እንዳለው ነው።

የምንጣፍ ነጋዴ ሌላው ዓለም ላይ ዕድሜ ለመጨመር አዲሱን ምንጣፍ በኬሚካል ያጥባል፤ አንዳንዱም አውራ ጎዳና ላይ ዘርግቶ በመኪና ያስረግጠዋል። ሲሪንቃ ለዚህ የተመቸ አስፋልት ቢኖራትም ዘዴው አልተለመደም። መጠየቅ ብቻ እያስረጀው መኪና ማስረገጥ የነዳጅ ብክነት ይሆናል።

እውነተኛ አሮጌ ባና በአካባቢው ለምን እንደሳሳ የሚያስረዳው ክፍል አጭር ነው። በ77ቱ ድርቅ ብዙ ቤተሰብ ያለውን ሁሉ ገበያ አውጥቶ እህል ገዝቷል። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ደግሞ ከወልድያ እስከ መርሳ ብዙ ቤት ተዘርፏል፤ የምርምር ማዕከሉም አልተረፈም። ከእነዚህ ሁለት ጊዜያት ያለፈ ባና የዕድሜ ወረቀት አያስፈልገውም።

የጥራት መለኪያዎች

የመጀመሪያው መለኪያ ቋጠሮ ነው። የፋርስና የቱርክ ምንጣፍ በጀርባው ተገልብጦ በትንሽ ስኩዌር ውስጥ ያለው ቋጠሮ ይቆጠራል፤ ቋጠሮ በበዛ ቁጥር ዋጋው ይከብዳል። ባና ቋጠሮ የለውም፤ ድርና ማግ ብቻ ነው። በዚህ መለኪያ ውጤቱ ዜሮ ነው። ይሁንና ባናን ገልብጦ ማየት በሌላ ምክንያት ይመከራል፦ ቁንጫ ካለ ያለው ከታች ነው።

ሁለተኛው የቀለም ወጥነት ነው። በፋርስ ምንጣፍ አንዱ ቀለም መሀል ላይ በድንገት ሲለወጥ «አብራሽ» ይሉታል። አዲስ ክር በሌላ ጊዜ ስለተነከረ የሚመጣ ልዩነት ነው፤ አዋቂዎች የእጅ ሥራ ማስረጃ አድርገው ይወዱታል። ሲሪንቃ ውስጥ በታየ አንድ ባና ላይ ጥቁሩ ሁለት ክንድ ያህል ሄዶ በስተ ግርጌ ቡናማ ይሆናል። ምክንያቱ ሲጠየቅ «ጥቁሩ በግ ለፋሲካ ታረደ» የሚል መልስ ተገኝቷል። ይህ ከአብራሽ የሚበልጥ ማስረጃ ነው፤ የሽመናውን ወቅት ያስቀምጣል፤ የቤቱን የበዓል አከባበርም ይመዘግባል።

ሦስተኛው የእሳት ሙከራ ነው። ከጠርዝ ክር ተነቅሎ ሲቃጠል እውነተኛ የበግ ጸጉር የተቃጠለ ጸጉር ይሸታል፣ ቶሎ ይጠፋል፣ አመዱም በጣት ይደቃል። ሰው ሠራሹ ክር ግን ቀልጦ እንደ ጨሌ ይጠጥራል። ሙከራው አስተማማኝ ነው፤ የሚመከረው ግን ባለቤቷ ውሃ ለመቅዳት ስትወጣ ብቻ ነው።

አራተኛው ጥገና ነው። ብል የበላውና የምድጃ ፍም የበሳው ባና ከሌላ ባና በተቆረጠ ይጣፋል። የሠለጠነው ዓለም ይህን እንደ ጉድለት የሚያይ የመሰለው ሰው ካለ ወደ ለንደን ይሂድ። በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም የሚገኘውና በዓለም ስመ ጥር የሆነው የአርደቢል ምንጣፍ ሲጎዳ የተጠገነው አቻው የነበረውን ሌላ ምንጣፍ በመቁረጥ ነው። ምንጣፉ ላይ የተሸመነው ዓመት 946 ሒጅራ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1539/40 ነው። ሙዚየሙ በ1893 እ.ኤ.አ. በ2000 ፓውንድ ገዝቶታል። ቀለሙ እንዳይጠፋም መብራት የሚበራለት በየግማሽ ሰዓቱ ለ10 ደቂቃ ብቻ ነው። የሲሪንቃ ባናዎች ይህን ጥንቃቄ ያለ ምንም ሙዚየም፣ በአካባቢው የመብራት ሁኔታ ብቻ ሲያገኙ ኖረዋል።

እስካሁን በእጅ ካሉት ባለ ቋጠሮ ምንጣፎች ሁሉ ጥንታዊ የሚባለው ደግሞ በ1949 እ.ኤ.አ. በሳይቤሪያ አልታይ ተራሮች፣ ፓዚሪክ ከተባለ መቃብር የወጣው ነው። ወደ 2400 ዓመት ገደማ ይገመታል። እንዲህ ሊቆይ የቻለው መቃብሩ ውስጥ የገባው ውሃ በረዶ ሆኖ ስለያዘው ነው። አጥኚው ከዚህ አንድ አሳሳቢ መደምደሚያ ላይ ደርሷል፦ ምንጣፍ ረጅም ዕድሜ የሚያገኘው የሚቀመጥበት ሕያው ሰው ሲያጣ ነው።

የስደት ሂደት

ባና ከመደብ የሚወርደው በደረጃ ነው። መጀመሪያ የፋብሪካ ብርድ ልብስ መጣ፤ በ1950ዎቹ የተቋቋመው የደብረ ብርሃን ፋብሪካ ምርት በየቤቱ ገባ። ቀለል ይላል፣ በቀላሉ ይታጠባል፣ ቆዳ አይኮሰኩስም። ከዚያ በጥቅል የሚቆረጠው የፕላስቲክ ምንጣፍ ወለሉን ያዘ። ከዚያ ደግሞ አረቢያን መጅሊስ መጣ። ከሀብሩ ወደ ሳዑዲ ያልሄደ ልጅ የሌለበት ሰፈር ማግኘት ያስቸግራል፤ ሴት ልጅ ጅዳ ወይም ሪያድ ሰው ቤት ሠርታ በላከችው ገንዘብ ሳሎኑ ዙሪያውን በባለ ወርቅማ ክር ፍራሽና ትራስ ይሞላል። እናት ልጇን ያዘለችበት ባና መጀመሪያ ወደ ጓዳ፣ ቀጥሎ ጎተራው ሥር፣ በመጨረሻ ወደ አህያዋ ይዛወራል።

ልጅቷ ለእረፍት ስትመጣ መጅሊሱ ላይ ትቀመጣለች፤ ማታ ግን «ያ ባና የት ደረሰ?» ብላ ትጠይቃለች። ሪያድ ውስጥ ስታሰላስለው የኖረችው እሱን እንጂ ትራሱን አይደለም። ባናው ከአህያዋ ላይ ወርዶ ተራግፎ ይመጣል። ስለዚህም አህያዋ በሀብሩ የባና ታሪክ ውስጥ የመዝገብ ቤት ሹም ቦታ ሊሰጣት ይገባል።

ውጤት

ከላይ የተጠቀሰው ገዢ ዕድሜውን ካረጋገጠ በኋላ ዋጋ ጠየቀ። እማማ የተቀመጡበትን ባና በእጃቸው ሁለት ጊዜ መታ መታ አድርገው «ይሄንንማ ልጄ፣ ማታ ምን ልልበስ?» አሉ። ገዢው ዋጋ ጨመረ። እማማ ስኒ ጨመሩ። በመጨረሻ ከጓዳ ሌላ ባና ወጣ፤ ጫፉ የተበላ፣ ገለባ የተጣበቀበት፣ ማንም የማይፈልገው። ገዢው ደስ እያለው ከፍሎ ወሰደው። እማማ እየሸኙት «ፀሐይ ላይ አስጣው» ብለው መከሩት።

ከዚህ የሚወጣው ውጤት አጭር ነው። ባና የሚመዘነው በቋጠሮ፣ በቀለም ወይም በዕድሜ አይደለም፤ ማታ በሚያጣው ሰው ነው። ሌሊት የሚፈለግ ባና አይሸጥም። የሚሸጥ ባና ሌሊት የማይፈለግ ነው። ስለዚህ በገበያ ላይ ያለው አሮጌ ባና በሙሉ፣ ለገበያ በመቅረቡ ብቻ፣ ፈተናውን ወድቋል። ምርጡን ለመግዛት የወጣ ሰው በትክክል የሚያገኘው ያልተመረጠውን ነው።

ምክረ ሐሳብ

አንደኛ፣ ሻጭ ያለ ማንገራገር የሚያቀብለውን ባና ገዢ አይግዛ። ሁለተኛ፣ ዕድሜውን የሚጠይቅ ሰው መኪናውን ራቅ አድርጎ ያቁም። ሦስተኛ፣ የተገዛ ባና ግድግዳ ላይ አይሰቀል፤ ግድግዳ አይበርደውም።

አራተኛውና ዋናው፦ እውነተኛ አንቲክ ባና የሚፈልግ ሰው አዲስ ያሠራ። ደጋው ላይ የሚፈትሉ ሴቶች፣ የሚሸምኑ ሰዎችም አሁን አሉ፤ ትእዛዝ ካጡ ግን እንዝርቱም ሙያውም ይቀመጣል። የጸጉሩን ዋጋ ከፍሎ፣ ቀብድ አስይዞ፣ ሲደርስለት ይንጠፈው፣ ይልበሰው፣ ልጅ ይዘልበት፣ ፍም ሲበሳው ይጣፈው። መቶ ዓመት ሲሞላው ያለ ጥርጥር አንቲክ ይሆናል። ማሽላ ዓመታት ይጠበቅለት የለ? መጠበቁ የሚከብደው ሰው ቢኖር ግን አንድ ልዩነት ይወቅ፦ ዝርያ እስኪለቀቅ ድረስ ለገበሬው አይሰጥም፤ ባና ግን ከሸማኔው እጅ በወጣበት ማታ ያሞቃል።