ስለ ጅራተ ቆራጣ አይጦች የወጣ አዋጅ

እ.ኤ.አ. በ1902 ከሐኖይ ከተማ ማዘጋጃ ቤት ሊወጣ ሲገባው ሳይወጣ የቀረ

ስማ፤ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማ አሰማ!

የቀድሞው ጠቅላይ ገዥ ሙሴ ፖል ዱሜር፥ ሐኖይ የፈረንሳይ ሥልጣኔ መስተዋት ትሆን ዘንድ በነበራቸው ጽኑ ምኞት፥ በፈረንጆቹ ሰፈር ሥር ያስቆፈሩት የቆሻሻ መውረጃ ቦይ ጨለማው የጸና፥ ሙቀቱ የተስማማ፥ ድመት የማይደርስበት ሆኖ ስለ ተገኘ፥ አይጥ የተባለ ፍጥረት ሁሉ የሥልጣኔውን በረከት ከእኛ ቀድሞ ተካፍሎ፥ በቧንቧው ሽቅብ እየወጣ በመኳንንቱ መጸዳጃ ቤት ሳይጠራ መገለጥ ስለ ጀመረ፤

ሐኪሙ አሌክሳንድር የርሲን በ1894 በሆንግ ኮንግ ቸነፈር የተባለውን ወረርሽኝ ተሕዋስ ካገኘ፥ ባልደረባው ፖል ሉዊ ሲሞንም በ1898 መቅሠፍቱ ከአይጥ ወደ ሰው የሚሻገረው በቁንጫ መሆኑን ካስረዳ ወዲህ፥ ነገሩ የመጸየፍ ሳይሆን የነፍስ ጉዳይ መሆኑ ስለ ታወቀ፤

በሚያዝያ በገንዘብ የቀጠርናቸው አዳኞች በዚያ ግማት ውስጥ እየዳኹ፥ በሰኔ በአንድ ቀን ብቻ ከ20000 በላይ አይጥ ቢገድሉም የአይጡ ዘር ስላልጎደለ፥ ሕዝቡም በዘመቻው እንዲተባበር ለአንድ ጅራት አንድ ሳንቲም እንዲከፈል ስለ ፈቀድን (ጅራቱን ብቻ የጠየቅነው የሬሳው ክምር መሥሪያ ቤታችንን እንዳያስጨንቅ ነው፤ ጅራት ያለ ባለቤቱ ሬሳ ብቻውን ሊመጣ እንደሚችል አላሰባችሁም የሚል ሐሜተኛ ቢኖር፥ ሐሜቱን በማመልከቻ ጽፎ ቴምብር ለጥፎ ያቅርብ)፤

አሁን ግን ጅራት የሌላቸው አይጦች በከተማው ውስጥ ደኅና ሆነው ሲመላለሱ ስለ ታዩ፥ የሚከተለውን አውጀናል።

ጅራቱ በመዝገባችን የገባ አይጥ፥ በሥጋው ምንም ያህል ቢሮጥ፥ ከሕያዋን መዝገብ ተፍቆ በሙታን መዝገብ የተጻፈ ነው። ጸሐፊያችን በመስኮቱ ሥር ተቀምጦ፥ አፍንጫውን በመሐረብ ሸፍኖ፥ በጉጠት እያነሣ አሥር አሥሩን የደረደረው ጅራት ከመንግሥት ሒሳብ የተወራረደ ስለ ሆነ፥ ባለቤቱን በገበያ መካከል አየሁት የሚል ሰው ከዓይኑ ይልቅ መዝገባችንን ይመን። እንዲህ ያለው አይጥ የሩዝ ከረጢት ቢቀድ፥ ጉዳቱ ከሙት የደረሰ ነውና ካሳ አይጠየቅበትም። እንደ ገና እንዲገደልም አንፈቅድም፤ አንድ ነፍስ ሁለት ጊዜ ቢሞት ድምሩ ይፋለሳል።

አይጡን በወጥመድ ይዘው ጅራቱን ብቻ ከቆረጡ በኋላ፥ ተመልሶ ይወልድ ዘንድ ወደ ቦዩ የሚለቁት ሰዎች፥ ላሟን ሳያርድ እንደሚያልብ ብልህ ባላገር ነገን አስበዋልና በልባችን አድንቀናቸዋል፤ በአደባባይ ግን ተቆጥተናቸዋል።

በከተማው ዳርቻ አይጥ ሲያረቡ የተገኙት ነገራቸው ከዚህ ይብሳል። የጤና ተቆጣጣሪዎቻችን በደረሱባቸው ጊዜ አይጡ እንደ ፍሪዳ እየተቀለበ ይጠብቅ ነበር። የምንከፍለው አንድ ሳንቲም ከቀለቡ ወጪ የሚበልጥ መሆኑን እኛ ሳናሰላ እነርሱ ቀድመው ያሰሉ ስለ ሆኑ፥ ከእነርሱ መካከል አንዱ በሒሳብ ክፍላችን እንዲቀጠር የቀረበው ሐሳብ በድምፅ ብልጫ ተጥሏል። ከሌላ አውራጃ ተጭኖ በድብቅ ወደ ከተማችን የሚገባ አይጥ ግን ቀረጥ ይከፈልበታል፤ የውጭ አይጥ የአገሩን አይጥ ዋጋ እንዳያረክስብን።

አይጥ በበላ ዳዋ እንዳይመታ፥ ስለ ወጣው ገንዘብ ማንኛውም ሹም አይጠየቅም።

የክፍያው መስኮት ከነገ ጧት ጀምሮ ተዘግቷል። በየጓሮአችሁ እየቀለባችሁ ያኖራችኋቸውን አይጦች የት እንደምታደርጓቸው ግን፥ ሌላ አዋጅ እስኪወጣ ድረስ ለየሕሊናችሁ ትተነዋል።