ስቱኮ ይመታበት

ዝገትን ሳልወደው ለምጄዋለሁ። ያልለመድኩት ዝገት ባየ ቁጥር «ስቱኮ ምታበትና ተገላገል» የሚለኝን ሰው ነው። አንድ ሰው ቢሆን ኖሮ ችዬ ባለፍኩት። ወልቂጤ ውስጥ የግቢህን በር ከፍተህ መኪና ሥር ከተጋደምክ፣ እግርህ ብቻ ከውጭ እስከታየ ድረስ፣ አላፊ አግዳሚው በሙሉ ባትላሜራ ነው። ተራ የሚጠብቅ የሚኒባስ ረዳት፣ ከገበያ የምትመለስ ጎረቤት፣ ዳቦ ግዛ ተብሎ የተላከ ልጅ፣ ሁሉም ጎንበስ ብሎ ያያል፣ ከንፈሩን ይመጣል፣ ያንኑ መድኃኒት አዝዞ መንገዱን ይቀጥላል። ልጁ እንኳ! ዳቦው እየቀዘቀዘበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቮልስ አለችኝ። ዕድሜዋን አልናገርም፤ ቮልስ ያለው ሰው ስለ መኪናው ዕድሜ የሚያወራውን የሚያምነው ስለሌለ ትርፉ ድካም ነው። ኮፈኗ ደህና ነው። ፓራፋንጎዎቿ በብሎን የታሰሩ ስለሆኑ ቢበሉም ፈትቶ መቀየር ነው። ሞተሯም ከኋላ ተቀምጦ በነፋስ ስለሚቀዘቅዝ የራዲያተር ጣጣ የለበትም። ችግሯ ከኋላ ወንበር ሥር፣ በስተቀኝ በኩል ያለው ወለል ነው። መጀመሪያ ላይ ስሙኒ የምታሾልክ ቀዳዳ ነበረች። በካቻቢቴ ጫፍ ነካ ነካ ሳደርጋት ሲኒ አሾለከች። አሁንም ብነካት ጀበናው ራሱ እንደሚያልፍ ስለገባኝ ካቻቢቴውን አስቀመጥኩ።

ይህን የሰማ ሁሉ «አንተ ነህ ነካክተህ ያሰፋሃት» ይለኛል። የለም። ብረት ውሃና አየር ካገኘ ይዝጋል፤ ዝገቱ ደግሞ ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚፈልግ ያብጣል፣ ቀለሙንም ከሥር እየገፋ ያነሣዋል። ቀለም ላይ ምስር የምታህል እብጠት ካየህ ከሥሯ ያለው ጉዳት ከእሷ እጅግ የሰፋ ነው ማለት ነው። ቮልስ ላይ ሲሆን ደግሞ ባትሪው የሚቀመጠው እዚያው ከኋላ ወንበር ሥር ነው። አሲዱ ጠብ ይላል። በበር ላስቲክ ሾልኮ የገባው የክረምት ውሃ ምንጣፉ ሥር ተኝቶ ይጠብቀዋል። የወለሉ ላሜራ ውፍረቱ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። የወልቂጤን ክረምት የሚያውቅ የቀረውን ራሱ ይጨርሰው።

የኋላ ወንበር ካነሣሁ አይቀር ግን አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም።

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን መውረዳቸው ተነቦላቸው ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር የተወሰዱት በቮልስ ነው። ሮልስ ሮይስ የነበራቸው ሰው! ይህን የማያውቅ የለም። ጸሐፊዎቻችንም ስለ አብዮቱ፣ ስለ ደርግ፣ ስለ ረሃቡ ብዙ ጽፈዋል። እኔን እንቅልፍ የሚነሣኝን ጉዳይ ግን ዘርዝሮ የጻፈ ሰው አላጋጠመኝም። የቮልስ በር ሁለት ብቻ ነው። ከኋላ ለመግባት መጀመሪያ የፊተኛው ወንበር ወደ ፊት ይታጠፋል። ከዚያ ተሳፋሪው አንገቱን ይደፋል፣ አንድ እግሩን ያስገባል፣ በጎኑ ይንሸራተታል፣ የቀረውን እግሩን ይሰበስባል። ጎረምሳ እንኳ ሲገባ ያቃስታል። ንጉሠ ነገሥቱ ደግሞ 82 ዓመታቸው ነበር። ወንበሩን ማን አጠፈላቸው? «ግርማዊነትዎ፣ ጭንቅላትዎን እንዳይመታዎት» ያለ ሰው ነበር? ከ40 ዓመት በላይ አገር ሁሉ ሲያጎነብስላቸው ኖረው በመጨረሻ ለመኪና በር አጎነበሱ ማለት ነው። አጭር መሆናቸው ከጠቀማቸው ያን ዕለት ጠቅሟቸዋል። በስተቀኝ በኩል ተቀምጠው ከሆነ ደግሞ፣ ከሥራቸው ባትሪ ነበር። የወንበሩ ሽቦ ረግቦ የባትሪውን ራስ ከነካ እሳት እንደሚያነሣ ቮልስ የነዳ ሁሉ ያውቃል፤ ባትሪው ክዳን የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው። የዚያችን ቮልስ የባትሪ ክዳን አንሥቶ ያየ አብዮተኛ የነበረ አይመስለኝም።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን ከጀርመን ጋር የነበራቸው ነገር ነው። ከጦርነቱ በኋላ ምዕራብ ጀርመንን ለመጎብኘት የመጀመሪያው የውጭ አገር ርእሰ ብሔር እሳቸው ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1954። ዓመት ሳይሞላ የቮልስዋገን ፋብሪካ አንድ ሚሊዮንኛዋን ቮልስ አወጣ። እ.ኤ.አ. በ2003 የመጨረሻዋ ሜክሲኮ ውስጥ እስክትሠራ ድረስ ቁጥራቸው ከ21 ሚሊዮን በላይ ደርሷል። አሸዋና ጭቃ ያቋረጡ አሉ፣ ሙሽራ ያመላለሱ አሉ፣ በየአገሩ ፊልም የሠሩም አሉ። ንጉሠ ነገሥት ከቤተ መንግሥት ጭና የወጣች ግን ከእኛዋ ሌላ አልሰማሁም። ወለሏ እንዴት ነበር? ማንም አልጠየቀም።

ይህን ሁሉ ቡታጅራ ውስጥ ለአንድ ባትላሜራ አጫወትኩት። በትዕግሥት አዳመጠኝ፤ ሻይ ሁሉ አዘዘልኝ። ስጨርስ ብርጭቆውን አስቀመጠና «ጋሼ፣ ታሪኩስ ደስ ይላል፤ ለዚች ግን ስቱኮ ይበቃታል» አለኝ።

ቡታጅራ ምን ወሰደህ ለሚለኝ፣ ወልቂጤ ያሉት ናቸው የላኩኝ። «ባትላሜራ ከፈለግህ ቡታጅራ ነው» አሉኝ። ቡታጅራ ስደርስ «ወልቂጤ እያለልህ እዚህ ድረስ ምን አደከመህ?» ተባልኩ። ድሮ ቢሆን በአንድ ዞን ውስጥ ነበር የምንከራተተው። አሁን ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ስለሆነች የቮልሴ ወለል የሁለት ዞኖች የጋራ ጉዳይ ሆኗል። ቤቴ ልሠራው ወሰንኩ።

ሲወራ ቀላል ነው። ባትሪው ይወጣል። የዛገው ሁሉ ጤነኛ ብረት እስኪገኝ በግራይንደር ይቆረጣል። በልኩ ላሜራ ይዘጋጅና ነጥብ ነጥብ እየተደረገ፣ በየመካከሉ እየቀዘቀዘ ይበየዳል። ከዚያ ከላይም ከሥርም ፀረ ዝገት ይቀባል። ፈረንጅ አገር የቮልስ ወለል ተዘጋጅቶ በሱቅ ይሸጣል። እኛ ጋ ወይ ሶማሌ ተራ ሄደህ ከሞተች ቮልስ ላይ ታስቆርጣለህ፤ እሷም የሞተችው በዚሁ በሽታ ስለሆነ የምትሰጥህ ወለል የላትም። ወይ ደግሞ ምናለሽ ተራ ገብተህ የበርሜል ብረት ትፈልጋለህ። እኔ በርሜሉን መረጥኩና በያጅ ጠራሁ። ልጁ የግቢ በር የሚሠራ ጎበዝ ነው። እጁ የለመደው ግን ወፍራም ብረት ነው። ኤሌክትሮዱን ገና ሲያስጠጋው ስሱ ላሜራ ቀልጦ ሸሸ፤ ቀዳዳዋም ጎረቤት አገኘች። መጠኑን ቀንሶ እንደገና ሊሞክር ሲል መብራት ሄደ። መብራት ሲመጣ ልጁ የለም። ልጁ ሲመጣ መብራት የለም። በዚህ መሀል ክረምቱ ገባ። ጎረቤቴ ሐጂ በአጥሩ ላይ ብቅ አሉና «እኔ መጀመሪያውኑ ስቱኮ አላልኩህም?» አሉኝ። ብለውኛል።

እስቲ አሁን ስለዚህ ስቱኮ እንነጋገር። ስቱኮ የተሠራው ተጨርምቶ የተቃናን ጤነኛ ላሜራ ከቀለም በፊት ለማለስለስ ነው። ስስ ሆኖ ይቀባል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፈጋል፣ አለቀ። ቀዳዳ መድፈኛ አይደለም። ዝገት ላይ ሲለጠፍ እርጥበት ይዞ ይቀመጣል፤ ዝገቱ ከሥር ሥራውን ይቀጥላል፣ ከላይ ግን ያበራል። የሚመታው ለመኪናዋ ታስቦ አይደለም፤ ለገዢው ዓይን ነው። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባረጁ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ጣለ። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ጭራሹን እንዳይገባ ተከለከለ። እሺ፣ ምክንያቱን ሰምተናል። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ አገር ውስጥ የቀረ አሮጌ ብረት ሁሉ ወርቅ ሆነ፤ ዋጋው በጨመረ መጠን የሚሸፋፍነውም በዛ። ሰው ዕድሜ ልኩን ያጠራቀመውን ቆጥሮ ሰጥቶ ግማሽ ጎኗ ስቱኮ የሆነች መኪና ይገዛል። ማግኔት ስቱኮ ላይ አይይዝም፤ ከዚህ የቀለለ ፈተና የለም። ግን እስቲ ማግኔት ከኪስህ አውጥተህ ለሽያጭ የቆመች መኪና ጎን ላይ አስጠጋ! እናቱን የሰደብክበት ያህል ይቆጣል። «አታምነኝም?» ይልሃል። አላምንህም! ለምን አምንሃለሁ? ሹፌሩ የሚቀመጥበት ወንበር የታሰረው በዚያ ወለል ላይ ነው። ልጆቹን ጭኖ የጊቤን ቁልቁለት የሚወርደው እኮ ገዢው ነው፤ አንተማ ብርህን ቆጥረህ ሄደሃል። ይቆጣጠራል የተባለውም ያው ነው። ለቦሎ በሄድኩ ጊዜ አንድ መርማሪ መብራት አብራ፣ ጥሩምባ ንፋ፣ ፍሬን ያዝ አለኝ። ከዚያ መኪናዋን አንድ ጊዜ ዞራትና «ቀለሟ ደብዝዟል፣ አስቀባት» አለ። የኋላውን ምንጣፍ ገለጥ ቢያደርግ የቆመበትን መሬት ባየ ነበር። ቀለም!

ቆይ፣ ሻይ ልጠጣ።

ቡታጅራ ያለው ልጅስ ቢሆን ምን ያድርግ? ነሐሴ ሲጋመስ ደንበኛው ሁሉ የሚያውቀው ቃል «ለመስቀል ትድረስልኝ» የሚል ብቻ ነው። ለመስቀል የሚገባው ሰው ደግሞ በባዶ እጁ አይገባም፤ መኪና ካለውም በዛገ መኪና አይገባም። መንገዱ ራሱ ለዚህ የተሠራ ነው ብል ብዙም አላጋነንኩ። በ1950ዎቹ አዲስ አበባ ያለው ጉራጌ መንግሥት እስኪደርስለት ቁጭ ብሎ አልጠበቀም። ማኅበር አቁሞ፣ ከኪሱ አዋጥቶ፣ በአለምገና በቡታጅራ አድርጎ ወደ ወላይታ ሶዶ ለሚወርደው መንገድ ተነሣ። ሰባት ቤትም በበኩሉ የራሱን መንገድ አስጠረገ። ያን ጊዜ ካዋጡት ውስጥ ስንቱ መኪና ነበረው? መንገዱ ይቅደም፣ መኪናው ቀስ ብሎ ይመጣል ብለው መሆን አለበት። መጣላቸው። አሁን የልጅ ልጆቻቸው ከተማው መግቢያ ላይ ቆመው መኪና ያሳጥባሉ፤ የሚቀጥለው መንገድ ጭቃ መሆኑን እያወቁ። ዘመድ ወጥቶ በዙሪያዋ ይዞራል፣ ኮፈኗን መታ መታ ያደርጋል፣ ይመርቃል። ምንጣፍ ገልጦ ወለል የሚያይ ዘመድ የለም። ቢኖርም ቀድሞ የሚጠይቀው የቤንዚን ዋጋ ነው።

አጎቴ ብቻ አንድ ጊዜ አይተውብኛል። ቅቤ ሊጭኑልኝ ወንበሩን ሲያነሡ ሣሩ ከሥር ብቅ አለባቸው። ስቱኮ አላሉም፤ በዚህስ እወዳቸዋለሁ። «ምነው ልጄ፣ ኮባ አታነጥፍበትም?» አሉና ከጓሮ አስቆርጠው እዚያው አነጠፉበት። ውሃ ይገባል ብዬ ብከራከራቸው ኮባ ውሃ እንደማያስገባ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። እሳቸው ግቢ ኮባ የማይገባበት ሥራ የለም። ቆጮ ይጠቀለልበታል፣ ይጋገርበታል፣ ዝናብ ሲይዝ ከራስ ላይ ይደፋል። ጉድጓድ ውስጥ የተቀበረውን ቆጮ እንኳ ወር ከወር የሚጠብቀው እሱ ነው። ቆጮስ በከረመ ቁጥር ይጣፍጣል፤ ቮልስ በዚህ አልታደለችም። እስከ ወልቂጤ ድረስ ቅቤው አልፈሰሰም፤ እግሬም አልረጠበም። በያጁን ግን እንደገና መጥራቴ አይቀርም፤ መብራት ካለ፣ ልጁም ካለ።