የፍራንክሊንን ጉዞ አበላሽቶ የመጻፍ ዘዴ

ወዳጄ፣ በአርክቲክ በረዶ ስለ ጠፋው የሰር ጆን ፍራንክሊን ጉዞ መጽሐፍ ልትጽፍ ነው አሉ። ከአንተ በፊት ብዙዎች አበላሽተውታል። አንተም እንዳታንስባቸው ምክሬን ስማ።

በቅድሚያ ሽፋኑ ላይ ፔንግዊን አኑር። ፔንግዊን ያለው በደቡብ ነው፣ ሰውየው የሄደው ወደ ሰሜን ነው የሚል አንባቢ ከመጣ በረዶ ሁሉ አንድ ነው በለው።

ቁጥር አታመሳክር። በ1845 እ.ኤ.አ. ከእንግሊዝ ከተነሡት 134 ሰዎች አምስቱ ከግሪንላንድ ተመልሰዋል፤ ኤሬበስና ቴረር በተባሉት ሁለት መርከቦች ወደ በረዶው የገቡት 129 ናቸው። አንተ አንዱን ገጽ ላይ 134፣ ሌላው ላይ 129 እያልህ ቀጥል።

ከዚያ የሟቾቹን ኑዛዜ ጻፍ። ከ129ኙ አንድም ሰው ወደ አገሩ አልተመለሰም፤ ስለዚህ የሚያስተባብልህ የለም። የቴረሩ ካፒቴን ክሮዚየር አድማሱን እያየ ሦስት ገጽ ይናገር። ሌሊት ምን እንዳለመም ጨምርበት። ሰዎቹ ራሳቸው የተዉልን ዋና ጽሑፍ በ1859 ኪንግ ዊሊያም ደሴት ላይ የተገኘው አንድ ወረቀት ነው። በግንቦት 1847 «ሁሉም ደኅና» ተብሎ ተጻፈበት። በሚያዝያ 1848 ደግሞ በዚያው ወረቀት ጠርዝ ዙሪያ ሌላ ቃል ታከለ፦ ፍራንክሊን ሞቷል፣ 24 ሰው ሞቷል፣ መርከቦቹን ትተናል፣ የቀረነው 105 ሰዎች ወደ ደቡብ ወደ ባክ ወንዝ እንሄዳለን። በአንድ ወረቀት ላይ ይህን ያህል ሐዘን እያለ አንተ ኑዛዜ ትፈጥራለህ!

ይቅርታ፣ ወደ ምክሬ ልመለስ። ወረቀቱን ካገኘህም ሳትመረምር ቅዳው። በቢቺ ደሴት የከረምነው በ1846 እና 1847 ነው ይላል፤ ስሕተት ነው፣ የከረሙት ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ነው። እዚያው ደሴት ላይ የተቀበሩት ሦስት መርከበኞች በ1846 የመጀመሪያ ወራት መሞታቸው መቃብራቸው ላይ ተጽፏል። ግን አንተን መቃብር እንድታነብ ማን ያስገድድሃል?

ለሞታቸው አንድ ጥፋተኛ ብቻ ፈልግ። የቆርቆሮ ምግቡ እርሳስ መረዛቸው በልና ዝጋው።

ከሁሉም በላይ ግን የአገሩን ነባር ሕዝብ፣ ኢኑይቶችን፣ አትጠይቅ። አገሩን ባገሬው፣ ሰርዶን በበሬ የሚለውን ተረት እርሳው። በ1854 ጆን ራይ የተባለ አሳሽ ከኢኑይቶች ዘንድ የፍራንክሊን ስም የተቀረጸበትን ትንሽ የብር ሳህን ገዛ፤ ነጮቹ በረሃብ እንዳለቁ፣ በመጨረሻም የወገናቸውን ሥጋ እንደ በሉም ሰማ። ለንደን ተቆጣች። ደራሲው ቻርልስ ዲከንስ በራሱ መጽሔት ላይ ኢኑይቶችን ውሸታም አረመኔ አደረጋቸው፤ ምናልባት የገደሏቸው እነሱ ይሆናሉ እስከ ማለትም ደረሰ። አንተም ይህን መንገድ ተከተል፤ የእነሱን ቃል «አፈ ታሪክ» በለው፣ የተሳሳተውን ወረቀት «ማስረጃ» በለው።

ኧረ ተው! ነውር ነው። በ1997 የታተመ ጥናት በሟቾቹ አጥንት ላይ የቢላ ምልክት አገኘ። በ2024 ደግሞ እንዲህ ያለ ምልክት ያለበት አንድ መንጋጋ በዘረመል ምርመራ የኤሬበሱ ካፒቴን የፊዝጀምስ መሆኑ ታወቀ። ኢኑይቶቹ እውነት ከተናገሩ 170 ዓመት ሆኗቸው ነበር። ያን ሁሉ ዘመን በሐሰት ለተሰደበ ሕዝብ መጽሐፍህ ውስጥ አንድ ምዕራፍ መስጠት ምን ይከብድሃል?

በ1860ዎቹ ቻርልስ ሆል የተባለ አሜሪካዊ፣ ቱኩሊቶ በተባለች ኢኑይት ሴት አስተርጓሚነት የሽማግሌዎቹን ቃል እየጠየቀ መዝግቧል። ኤሬበስ በ2014 የተገኘችው ኢኑይቶች መርከብ ሰጥማበታለች ሲሉ በኖሩበት አካባቢ ነው። ቴረር በ2016 የተገኘችው ጆዋ ሄቨን ከተባለው መንደር የመጣ አንድ ኢኑይት ከበረዶው ላይ ምሰሶ ብቅ ብሎ አይቻለሁ ባለበት ወሽመጥ ነው። እባክህ ወዳጄ፣ የሆልን መዝገብ ሳታነብ፣ የጆዋ ሄቨንን ሰዎች ሳትጠይቅ ብዕርህን አታንሣ።