የወደዱትን ጨዋታ በአንድ ወር የመጥላት ጥበብ

ዎርልድ ኦፍ ዋርክራፍት እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2004 ከተከፈተ ጀምሮ «ይሄ ጨዋታ ሞቷል» የሚል ሰው ጠፍቶ አያውቅም። በ2010 ከፋይ ተጫዋቾቹ 12 ሚሊዮን ሲደርሱ እንኳ ሞቷል ይባል ነበር። አንተም ይህን ለማለት እንደቸኮልህ ይገባኛል። ግን ዝም ብሎ በባዶ ሜዳ አይባልም፤ መጀመሪያ ጨዋታው አንገት ድረስ ሊያንገፈግፍህ ይገባል። የሚከተለውን ምክር ሳታጓድል ከፈጸምህ ወር ሳይሞላ ያንገፈግፍሃል። እኔ ዋስ እሆናለሁ፤ በስንት ሰው ላይ ሲሠራ አይቻለሁ።

ከሁሉ በፊት ቸኩል። «እውነተኛው ጨዋታ የሚጀምረው 60ኛው ደረጃ ላይ ነው» የሚለውን አባባል ጠዋትና ማታ ድገመው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚሉህን አትስማቸው። ተልእኮ የሚሰጥህ ገበሬ የሚለውን አታንብብ፤ ገና አፉን ሳይከፍት «ተቀበል» የሚለውን ተጫን፣ ቀስቱ ወደሚያሳይህ ሩጥ፣ ግደል፣ ተመለስ፣ ሽልማትህን ውሰድ። የእርሻ አገር ወደሆነው ዌስትፎል ስትደርስ እርሻው ለምን ጠፍ እንደሆነ፣ ገበሬዎቹ ለምን ቤታቸውን ጥለው እንደወጡ አትጠይቅ። እነዚያ ፊታቸውን በቀይ መሐረብ የሸፈኑ ሽፍቶች የፈረሰችውን ከተማ ስቶርምዊንድን መልሰው የገነቡ ግንበኞች እንደነበሩ፣ መኳንንቱ የላባቸውን ዋጋ ስለከለከሏቸው እንደሸፈቱ ካነበብህ ችግር ውስጥ ትገባለህ። በማዕድን ጉድጓዱ መጨረሻ፣ መርከቡ ላይ፣ መሪያቸውን ቫንክሊፍን ስትገድለው ትንሽ ይከብድሃል። ከከበደህ ደግሞ ወደድከው ማለት ነው። ስለዚህ አታንብብ።

መሮጡም ቀርፋፋ ከሆነብህ ሌላ መንገድ አለ፤ ሜጅ (አስማተኛ ተጫዋች) ቅጠር። ሜጁ ስቶርምዊንድ ውስጥ ወዳለው እስር ቤት ይገባል፤ አንተ በሩ ላይ ትቆማለህ። እሱ እስረኞቹን ከየክፍሉ አስነስቶ፣ አንድ ላይ ሰብስቦ፣ በበረዶ ዶፍ ይጨርሳቸዋል። ነጥቡ ለአንተ ይቆጠራል። ከዚያ ትወጣለህ፣ እስር ቤቱ እንደገና በእስረኛ ይሞላል፣ ትገባለህ፣ በሩ ላይ ትቆማለህ። በዚህ መሃል ስልክህን ማየት፣ እራት መብላት፣ ፊልም መክፈት ትችላለህ። በወር ወደ 15 ዶላር እየከፈልህ፣ ያጠራቀምከውን ወርቅም ጨምረህ፣ ሌላ ሰው እንዲጫወትልህ ታደርጋለህ። ከዚያም 60 ደርሰህ «ኧረ ይሄ ጨዋታ ምንም የለውም» በል።

ምን ይኑረው? አንተ በሩ ላይ ቆመህ ሳለ ነው እኮ ሁሉም ያለፈው! ዓለሙን የሠሩት ሰዎች በየጥጋጥጉ ያስቀመጡትን ታሪክ፣ በእግርህ የምትሄድበትን አገር፣ በዳከርህበት ተራራ ላይ የሚያገኝህን የማታውቀውን ሰው፣ ሁሉንም ገንዘብ ከፍለህ አስወገድከው። አሁን ማንን ነው የምትከሰው?

ወደ ምክሩ ልመለስ።

60 ከደረስህ በኋላም መቸኮልህን አታቁም። ጨዋታው በተከፈተ ጊዜ የእሳቱን ጌታ ራግናሮስን የጣለ ቡድን እስኪገኝ 5 ወር ገደማ ፈጅቶ ነበር። 40 ሰው ወደ ራግናሮስ ዋሻ ወደ ሞልተን ኮር እየገባ ይቃጠል ነበር፤ ሳምንቱን ሙሉ ስለዚያ ይወራ ነበር። በኦገስት 2019 የድሮው ጨዋታ ክላሲክ ተብሎ እንደገና ሲከፈት ግን ራግናሮስ ሳምንት እንኳ አልቆየም። እርግጥ የ15 ዓመት ዕውቀት ተከማችቶ ነበር፤ የተከፈተውም ዕትም ከመጀመሪያው የተስተካከለ ነበር። አንተ ግን ይህን ሁሉ ተወውና በሳምንት ያለቀውን ነገር በአራት ቀን ለመጨረስ ተነሣ። እንቅልፍ ተው። ሥራ ቦታ ታመምኩ በል። ስትጨርስ ሰው የሌለበት ከተማ መሃል ቆመህ «የሚሠራ ነገር የለም» ብለህ ጻፍ። ሌላው ገና 33ኛ ደረጃ ላይ ሆኖ ስትራንግልቶርን ጫካ ውስጥ ነብር እያባረረ፣ እየሣቀ ነው። ጀማሪ ብለህ ናቀው።

የቸኮለ ሰው ወደ ፍጽምና የሚደርሰው ደግሞ በበረከት ነው። የዘንዶዋ የኦኒክሲያ ራስ ከተማው ላይ ሲሰቀል በዙሪያው ያለ ተጫዋች ሁሉ ለ2 ሰዓት ተጨማሪ ኃይል ያገኛል። ሰዓቱ የሚቆጥረው ጨዋታው ውስጥ እስካለህ ድረስ ነው፤ ከሞትህም በረከቱ ይጠፋል። እንግዲያው ምን ታደርጋለህ? ራሱ ሲሰቀል ትገባለህ፣ በረከቱን ትቀበላለህ፣ ወዲያው ዘግተህ ትወጣለህ። እስከ ሬይዱ (እስከ ትልቁ የቡድን ዘመቻ) ቀን አትገባም። ጓደኛህ «ና፣ አንድ ዳንጅን (የአነስተኛ ቡድን ዘመቻ) እንሥራ» ሲልህ «በረከቴ ይባክናል» ብለህ እምቢ በል። ክላሲክ ላይ ስንትና ስንት ሰው እንዲህ አደረገ። ጨዋታ የሚወድ ሰው ላለመጫወት ሲጠነቀቅ ማየት ያሳዝናል፤ አንተ ግን ለመሰልቸት ስለተነሣህ ከዚህ የተሻለ መንገድ አታገኝም።

አሁን ወደ ሰዎቹ እንምጣ፤ ጨዋታውን ከሥሩ የምትነቅለው እዚህ ነውና።

ጊልድ (የተጫዋቾች ማኅበር) ግባ። የገባህበትን ምክንያት ለማንም አትንገር፤ አንድ ሰይፍ ፈልገህ ነው። ሰይፉ እስኪወድቅ ድረስ ሰዓት አክባሪ፣ ትሑት፣ «ወንድሜ» የምትል ሁን። ለ40 ሰው የሚወድቀው ዕቃ በጣት የሚቆጠር እንደሆነ ታውቃለህ፤ ሌሎቹ ወራት እየጠበቁ እንደሆነም ታውቃለህ። ሰይፉ ለአንተ የወጣ ዕለት ማታውኑ ጥፋ። እቁቡ የወጣለት ዕለት ስልኩን የሚያጠፋውን ሰው አስብና እንደ እሱ ሁን። የሚቀጥለው ጊልድ ውስጥም ሰይፉን ታጥቀህ ግባ፤ አሁን የምትፈልገው ጋሻ ነው።

ቡድኑ ሲሸነፍ ጥፋቱን ሂለሩ (ፈዋሹ) ላይ ጣል። ሁልጊዜ ሂለሩ ላይ። እሳት ውስጥ የቆምከው አንተ ብትሆንም፣ «ውጣ» ተብለህ ሦስት ጊዜ ቢጮኽብህም፣ «ለምን አልፈወስከኝም?» በል። ከውጊያው በኋላ የሎጉን (እያንዳንዱ ተጫዋች የሠራው የሚመዘንበትን መዝገብ) ገጽ ክፈትና ስሙ በግራጫ የወጣውን ሰው ፈልግ፤ ግራጫ ማለት ከዝቅተኞቹ ተርታ ነው። ቁጥሩን በሁሉም ሰው ፊት ለጥፍ። ያ ሰው በዚያች ሌሊት ልጁን እያባበለ፣ በአንድ እጁ እየተጫወተ ሊሆን ይችላል፤ አይመለከትህም። ከአዲስ አበባ አውሮፓ ሰርቨር ላይ የሚገባ ልጅ ካለ ደግሞ ጥሩ ዒላማ ነው፤ መስመሩ ይንቀራፈፍበታል፣ መብራት ይሄድበታል፣ ተመልሶ ሲገባ ይቅርታ ይጠይቃል። ይቅርታውን ሳይጨርስ አባረው።

ሰላምታ አትስጥ። ከዲሴምበር 2009 ጀምሮ ጨዋታው ራሱ ከየሰርቨሩ አራት ሰው ፈልጎ ያመጣልሃልና ሰው መለመን ቀርቷል። ድሮ ታንክ (የጠላትን ዱላ የሚቀበል ተጫዋች) ለማግኘት ከተማ መሃል ቆሞ መጣራት፣ ከዚያ ወደ ዳንጅኑ በር በእግር መጓዝ፣ የዘገየውን በዎርሎክ (በጠንቋይ ተጫዋች) ጥሪ ለማምጣት ሦስት ሰው መተባበር ነበረበት። በመንገዱ ላይ ሰዎቹ ይተዋወቁ ነበር። አንተ ግባ፣ ግደል፣ ውጣ። ስማቸውን አታንብብ።

ወርቅ በገንዘብ ግዛ። ይህን ለማንም ማብራራት አያስፈልግም።

ብዙ ሰው አብሮ የሚጫወተው የቀድሞው የኮምፒውተር ጨዋታ የማድ ሠሪዎች አንዱ ሪቻርድ ባርትል በ1996 ባወጣው ጽሑፍ ተጫዋቾችን በአራት ከፍሏቸዋል፤ ድል የሚያሳድዱ፣ ዓለሙን የሚያስሱ፣ ሰው ፈልገው የሚመጡ እና ሌላውን ተጫዋች የሚያጠቁ። ማድን ከሮይ ትሩብሾ ጋር በኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ የሠሩት በ1978 ነው፤ ሥዕል የሌለው፣ ቃል ብቻ የነበረ ዓለም። አንተ ከአራቱ አንዱን ብቻ ያዝና በሦስቱ አሹፍ። መጠጥ ቤት ተቀምጦ የሚያወራውን «ሕይወት የለውም» በል። ፏፏቴ ሥር ምን እንዳለ ለማየት የሚዋኘውን «ጊዜ አባካኝ» በል። አንተ ራስህ ድል ማሳደዱ ያንገሸገሸህ ቀን የምትሄድበት እንዳይኖርህ ሦስቱንም በር ቀድመህ ዝጋ።

በመጨረሻ ስንብቱ ይመጣል። ስንብት ትልቅ ጥበብ ነውና ጊዜ ስጠው። በሬይድ ቀን፣ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ፣ መድኃኒቱ ተጠምቆ ካለቀ በኋላ፣ ውጊያው ሊጀመር ሲል ረጅም ደብዳቤ ጻፍ። ጨዋታው እንደተበላሸ፣ ኩባንያው እንደተስገበገበ፣ የድሮው ዘመን እንደማይመለስ ዘርዝር። ጊልዱን በስም እያነሣህ ውቀስ። «ለዘለዓለም ደኅና ሁኑ» በል። በሁለት ሳምንት ተመለስ። በወሩ ሌላ ስንብት ጻፍ። ዘመኑን በሚገባ ማሞገስህን ብቻ አትርሳ፤ በ2006 ሁሉም ነገር ጥሩ ነበር በል። በ2006 ግን ዕድሜህ 16 ነበር፤ ጓደኞችህ በሙሉ እዚያ ነበሩ፤ ነገ ሥራ አልነበረህም። ይህን አትናገር።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ማትስ ስቲን የሚባል ኖርዌያዊ ነበር፤ ጡንቻ በሚያዳክም ሕመም ከልጅነቱ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ የዋለ። በ2014 በ25 ዓመቱ ሲሞት ወላጆቹ ልጃቸው ያለ ወዳጅ፣ ያለ ፍቅር ዕድሜው ያለፈ መስሏቸው አዝነው ነበር። መሞቱን በብሎጉ ላይ ሲያሳውቁ ግን ከየአገሩ የሐዘን መልእክት ይጎርፍ ጀመር። ላኪዎቹ በዋርክራፍት ውስጥ ኢቤሊን በሚል ስሙ ለዓመታት አብረውት የኖሩ ሰዎች ናቸው፤ ያማከራቸው፣ ያስታረቃቸው፣ ያዳመጣቸው። ከመካከላቸው ኦስሎ ድረስ ሄደው የቀበሩትም አሉ። በ2024 ታሪኩ ዘጋቢ ፊልም ሆኖ ወጥቷል። ማትስ የተጫወተው አንተ «ምንም የለውም» ያልከውን ጨዋታ ነው። ያው ጫካ፣ ያው መጠጥ ቤት፣ ያው ከተማ። እሱ ሰው ፈልጎ ገባ፣ ሰው አገኘ። አንተ ሰይፍ ፈልገህ ገባህ፣ ሰይፍህን አገኘህ፤ እና አሁን ሰይፉ አላጫውትህ ሲል ትቆጣለህ!

ጨዋታ ይሰለቻል፤ ይህ የማንም ጥፋት አይደለም። ልጅ ይወለዳል፣ ሥራ ይበዛል፣ ዓይን ይደክማል፣ ልብ ወደ ሌላ ነገር ይሄዳል። በዚህ ምክንያት የሚወጣውን ሰው ማንም አይወቅሰውም፤ ሲመለስም ቦታው አለ። የምጣላው ሌሎቹ የሚኖሩበትን ቤት አፍርሶ ከወጣ በኋላ «ድሮስ ፍርስራሽ ነበር» ከሚለው ጋር ነው።

ስለዚህ መሄድ ከፈለግህ ሂድ። ደብዳቤውን ተወውና ለጊልዱ መሪ ከሬይዱ ሁለት ቀን ቀድመህ አንድ መስመር ጻፍለት፤ በአንተ ቦታ ሰው ይፈልግ። 39 ሰው በር ላይ አታቁም።