ላሟ ናፍጣ ትጠጣለች እንዴ?

ወይ ዘመን! እንጭኒ ተወልጄ፣ እንጭኒ ሸብቼ፣ በስተርጅናዬ የዶላር ጤና ጠያቂ ሆንኩ። ድሮ ሰው ሲገናኝ ስለ ዝናቡና ስለ ከብቱ ይጠያየቅ ነበር። አሁን ነጋ ጠባ “ዛሬ ስንት ገባ?” ነው።

በ2014 መገባደጃ የነዳጅ ድጎማ መነሳት ሲጀምር ቤንዚን አዲስ አበባ ላይ በሊትር 47 ብር ከ83 ሳንቲም ገባ፤ አበድን። ያኔ ማበዳችን ለካ ቅንጦት ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀና 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ዘለለ። ነዳጅ የሚገዛው በዶላር ነውና በ2017 አጋማሽ ቤንዚኑም 100 ብርን አለፈ። ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት ለማሻሻያው 3.4 ቢሊዮን ዶላር ብድር ፈቅዷል አሉ። ይፍቀድ! እንጭኒ የደረሰው ግን የባጃጁ ሒሳብ ነው።

ማማረር እንኳ ድሮ ቀረ። በ1966 ዓረቦችና እስራኤል ተዋግተው ነዳጅ በዓለም ሲንር፣ የካቲት ላይ የአዲስ አበባ ባለታክሲዎች አድማ መቱ፤ ጃንሆይ ዋጋውን ቀነሱ፤ አዲሱ ዓመት ብቅ ሲል እሳቸውም ከዙፋን ወረዱ። እኛ ዛሬ ባጃጅ ውስጥ ተጣብቀን ሒሳብ እናቀባብላለን።

ይሁን፤ ኩበት ምን አገባው? ባለፈው ገበያ የኩበቷ ነጋዴ ዋጋ ጨምራ ጠበቀችኝ።

“ምነው ልጄ?”

“ነዳጅ ጨመረ እኮ አባባ!”

“ላምሽ ናፍጣ ትጠጣለች እንዴ?”

“የመጫኛውስ?”

“በአህያ አይደል ያመጣሽው?”

“አህያው ፉርሽካ ይበላል፤ ፉርሽካውን አይሱዙ ነው የሚያመጣው።”

አፌን ዘግቼ ከፈልኩ። የገንዘብ ሚኒስትሩም እንዲህ አድርገው አላስረዱኝም።

ኩበቱን ትታችሁ በመብራት ጋግሩ ይሉናል። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 የሕዳሴው ግድብ ተመርቋል፤ 5,150 ሜጋ ዋት! ከ2015 ጀምሮ ለኬንያም እየሸጥን ነው። ዶላር ካመጣ ደግ። ታሪፉ ከመስከረም 2017 ወዲህ በየሦስት ወሩ እንዲጨምር ቀጠሮ ተይዞለታል። መብራቱ ግን ቀጠሮ አያውቅም፤ ሊጡን ምጣድ ላይ ጥሎ ይሄዳል።

የልጅ ልጄ ደግሞ ሊያጽናናኝ መጣ። “አባባ፣ ከ2016 ጀምሮ የነዳጅ መኪና ማስገባት ተከልክሏል። ቀጣዩ መኪናህ የኤሌክትሪክ ነው!”

ቀጣዩ? የፊተኛውን ማን ሸጦብኝ ነው?